ሰው የሌለባቸው ግንቦች፦ ለማን ነበር የሠሩት?

እስቲ ይህን ቤት በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት። ዙሪያው የሩዝ ማሳና የዓሣ ኩሬ ነው። ከማሳው መሃል ባለ ብዙ ፎቅ የሲሚንቶ ግንብ ቆሟል። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቶቹ ትንንሽ፣ እያንዳንዱ መስኮት ደግሞ የብረት መዝጊያ ያለው ነው። አናቱ ላይ ስትደርሱ ግን ሌላ አገር የገባችሁ ይመስላችኋል፤ የአውሮፓ ቤተ መንግሥት የሚመስሉ ዓምዶችና ቅስቶች ተደርድረዋል። ውስጡ ወንበሩ፣ አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ የአባወራውና የሚስቶቹ ምስል ሁሉ በየቦታው ነው። የጎደለው ሰው ብቻ ነው።

ይህ ቤት ሚንግሺ ሎው ይባላል። ያለው በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር፣ ካይፒንግ በሚባለው ወረዳ፣ ዚሊ በተባለች ትንሽ የገበሬ መንደር ውስጥ ነው። ያሠራው ፋንግ ሩንዌን የሚባል የመንደሩ ልጅ ሲሆን ገንዘቡን ያገኘው ቺካጎ ነው። ግንቡ የተሠራው በ1925 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የጠቀስኳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ዓይነት ግንቦች፣ በአገሬው አጠራር ዲያውሎው የሚባሉት፣ ዛሬ በካይፒንግ ብቻ 1,833 ቆመው ይገኛሉ። አብዛኞቹን ያሠሩት ሰዎች ባሕር ማዶ የከረሙ ናቸው። አብዛኞቹ ዛሬ ባዶ ናቸው።

እኛ ስደተኞች ይህን ታሪክ ስንሰማ ዝም ብለን ማለፍ የምንችል አይመስለኝም። አገር ቤት ግማሽ የቀረ ፎቅ ያለው፣ ወይም ያለቀ ቤቱን ዘበኛ ብቻ የሚኖርበት፣ ወይም ደግሞ «ቦታ ልግዛ ወይስ ይቅር?» እያለ ሌሊት የሚገላበጥ በመካከላችን ስንት አለ? ካይፒንጎች ይህንን ጥያቄ ከእኛ መቶ ዓመት ቀድመው ጠይቀውታል። መልሱም በሲሚንቶ ተጽፎ እዚያው ማሳ መሃል ቆሟል።

አቅኚው አባት

ከመነሻው እንጀምር። «ጎሳ» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ዛሬ ምን ያህል እንደከበደ አውቃለሁ። እዚህ የምጠቀምበት ግን በድሮ፣ በቀላል ትርጉሙ ነው፤ ከአንድ አባት የወረዱ ሰዎች ለማለት ያህል። በደቡብ ቻይና የገጠር መንደር ማለት በአብዛኛው አንድ ጎሳ ማለት ነው። በዚሊ ፋንግ ይኖራል፤ በሌላው መንደር ሁዋንግ፤ በሌላው ጓን። ሰውየው «ስምህ ማን ነው?» ሲባል በሚሰጠው የቤተሰብ ስም ብቻ መንደሩን መገመት ይቻላል።

ዚሊ የተቆረቆረችው በ1837 እንደሆነ ይነገራል። ያን ጊዜ ሁለት ቤቶች ብቻ ነበሩ፤ ዙሪያቸው እርሻ። ከዚያ ልጅ ልጅን እየወለደ፣ ቤት በቤት እየተቀጠለ ሦስት ጎረቤታም መንደሮች ሆነ። የአካባቢው መንደሮች አሠራር ሥርዓት አለው። ቤቶቹ በቀጥታ ረድፍ፣ በጠባብ መተላለፊያ እየተከፈሉ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይደረደራሉ። ከፊት ለፊት ኩሬ፣ ከኋላ የቀርከሃ ደን፣ በመግቢያው ላይ ትልቅ ዛፍ። ከዛፉ ሥር የመሬቱ አምላክ ትንሽ መሠዊያ አለች።

የጎሳው ማዕከል የአያቶች አዳራሽ ነው። በውስጡ የሟቾች ስም የተጻፈባቸው ሳንቃዎች ይደረደራሉ። ጎሳው የጋራ መሬት አለው፤ መሬቱም በአቅኚው አባት ስም ይያዛል። ከመሬቱ የሚገኘው ኪራይ ለአያቶች መታሰቢያ ድግስ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለድሆች ዘመዶች ይውላል። በጓንግዶንግ ከእርሻው መሬት ሰፊው ድርሻ በዚህ መልክ የሟቾች ንብረት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በጎጃምና በጎንደር ገበሬው ርስት ሲጠይቅ ከአቅኚው አባት ጀምሮ ይቆጥር እንደነበር የምናስታውሰው ነው፤ ለጋብቻም ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ልዩነቱ እኛ በእናትም በአባትም በኩል መቁጠራችን ነው። እነሱ የሚቆጥሩት በአባት ብቻ ነው። አንድ የቤተሰብ ስም ያላቸው ሰዎች፣ ስንት ትውልድ ቢራራቁም፣ አይጋቡም ነበር። ስለዚህ በመንደሩ ያለች ሚስት ሁሉ ከሌላ መንደር የመጣች ናት፤ በመንደሩ የተወለደች ሴት ልጅ ሁሉ አንድ ቀን ወጥታ የምትሄድ ናት። ዙፑ በሚባለው የትውልድ መዝገብ ላይ ወንዶቹ በሙሉ ስማቸው ሲሰፍሩ ሚስቶች ብዙውን ጊዜ በአባታቸው ቤተሰብ ስም ብቻ ይጠቀሳሉ፤ ሴት ልጆች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ አይጻፉም። ይህንን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

«እንግዳ» መሆን

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢው ሲኦል ሆነ። መሬቱ ጠበበ፣ ሕዝቡ በዛ፣ ጎርፉ ተደጋገመ። ከ1855 እስከ 1867 ደግሞ በነባሮቹና ሃካ በሚባሉት፣ ዘግይተው በመጡ ሰፋሪዎች መካከል እጅግ ብዙ ሰው ያለቀበት ጦርነት ተካሄደ። «ሃካ» የሚለው ቃል ትርጉሙ «እንግዳ ቤተሰቦች» ማለት ነው።

በዚያው ዘመን ካሊፎርኒያ ወርቅ ተገኘ የሚል ወሬ መጣ። ካይፒንግና ጎረቤቶቿ ታይሻን፣ ኤንፒንግና ሺንሁዪ በአንድነት «አራቱ ወረዳዎች» ይባላሉ። ከእነዚህ ወረዳዎች ወጣቱ በሆንግ ኮንግ በኩል መርከብ እየተሳፈረ ነጎደ። አሜሪካን «የወርቅ ተራራ» አሏት። ወደዚያ የሄደውን ሰው ደግሞ «የወርቅ ተራራ እንግዳ» አሉት። አያቱ «እንግዳ» ከሚባሉት ጋር በመሬት የተፋጀው ሰው፣ እርሱ ራሱ በሰው አገር «እንግዳ» ሆነ ማለት ነው። ያውም በዚያው ቃል።

ወርቁ ለብዙዎቹ አልተገኘም። የተገኘው ሥራ ነው። ከ1865 እስከ 1869 ከካሊፎርኒያ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋውን የባቡር ሐዲድ የሠሩት ቻይናውያን ከ10 ሺህ በላይ ነበሩ፤ በተራራው በረዶና በድማሚት ያለቁትን በትክክል የቆጠራቸው የለም። ሐዲዱ ካለቀ በኋላ ልብስ አጣቢ፣ ወጥ ቤት፣ አትክልተኛ ሆኑ። በ1882 አሜሪካ ቻይናውያን ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ካናዳ በ1885 በእያንዳንዱ ገቢ ቻይናዊ ላይ 50 ዶላር ግብር ጣለች፤ በ1903 ግብሩ 500 ዶላር ደረሰ። በዚያ ዘመን 500 ዶላር ማለት ለአንድ ሠራተኛ ከአንድ ዓመት በላይ ደመወዝ ነበር።

ውጤቱ ምን ሆነ? ወንዱ ወዲያ፣ ሚስቱ ወዲህ። ሰውየው በየጥቂት ዓመቱ አንዴ ይመጣል፣ ያገባል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ሙሽራው መምጣት ካልቻለ በእርሱ ቦታ አውራ ዶሮ ቆሞ ሙሽራይቱ ትዳር ነበር። አንዳንዷ ባሏን በሕይወቷ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ አይታ አረጀች። ልጅ ሳይወልድ ባሕር ማዶ የቀረው ደግሞ የዘር ሐረጉ እንዳይቋረጥ ሚስቱ ወንድ ልጅ በማደጎ እንድትወስድ ገንዘብ ይልክላት ነበር። መዝገቡ ላይ ሐረጉ ቀጠለ። ቤቱ ውስጥ ግን ማን ነበር?

የመንደሩ ካርታ እንደ ፈተና

በ1906 ሳን ፍራንሲስኮ በመሬት መንቀጥቀጥና በቃጠሎ ወደመች። የከተማው የልደት መዝገብም አብሮ ተቃጠለ። ይህ ለቻይናውያኑ ያልታሰበ በር ከፈተ። «እዚሁ ነው የተወለድኩት» ያለ ሰው ተቃራኒውን የሚያሳይ ወረቀት ስለሌለ ዜጋ ሊሆን ቻለ። ዜጋ ከሆነ ደግሞ ቻይና የወለዳቸውን ልጆች ማስገባት ይችላል። ሰውየው አገር ቤት ደርሶ ሲመለስ «ወንድ ልጅ ወልጃለሁ» ብሎ ያስመዘግባል፤ ቢወልድም ባይወልድም። ያቺን ክፍት ቦታ ለወንድሙ ልጅ ይሰጣታል፣ ወይም ይሸጣታል። «የወረቀት ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

ባለሥልጣናቱ ነገሩ ገብቷቸዋል። ከ1910 እስከ 1940 በሳን ፍራንሲስኮ ባሕር ሰላጤ ባለችው ኤንጅል ደሴት ላይ ገቢውን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እያሠሩ ይጠይቁት ነበር። ጥያቄው ስለ አሜሪካ አልነበረም። ስለ መንደሩ ነበር። ቤታችሁ በስንተኛው ረድፍ ነው? ከመጀመሪያው ቤት ስንተኛ? የውሃው ጉድጓድ በየት በኩል ነው? ጎረቤታችሁ ስንት ልጅ አለው? አያትህ የት ተቀበሩ? ከዚያ «አባትየውን» ለብቻው ጠርተው ያንኑ ይጠይቁታል። አንድ መልስ ከተለያየ መርከቡ ላይ መልሰው ይጭኑታል። ስለዚህ ወጣቱ በመርከብ ሲመጣ ጥያቄና መልሱን እንደ ዳዊት ሸምድዶ፣ ወረቀቱን ባሕር ውስጥ ጥሎ ይገባ ነበር።

የሚያሳዝነው እውነተኛ ልጆችም በዚህ ወንፊት መጣላቸው ነው። አሜሪካ የተወለደ ሁሉ ዜጋ መሆኑን በ1898 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ያስከበረው ዎንግ ኪም አርክ ይታወቃል፤ ዛሬም በአሜሪካ የዜግነት ክርክር ሲነሣ ስሙ አይቀርም። የቤተሰቡ መንደር ታይሻን ውስጥ ነው። የበኩር ልጁ በ1910 ሊገባ ሲል የእርሱና የአባቱ መልስ አልገጠመም ተብሎ ተመለሰ። ሕገ መንግሥቱን ያስተረጎመ ሰው የገዛ ልጁን ማስገባት አቃተው።

በኤምባሲ መስኮት ፊት ቆሞ «ከእናትህ ጋር የኖርክበትን ቤት ግለጽ» የተባለ ወገኔ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው መገመት አያቅተኝም።

ደብዳቤና ገንዘብ

ስደተኛው ግን መላኩን አላቆመም። አላላኩ እንዲህ ነበር። በቻይና ሰፈር የአንድ ጎሳ ሰዎች የሚሰባሰቡበት ሱቅ አለ። ሰውየው ገንዘቡንና ደብዳቤውን እዚያ ያስቀምጣል። ሱቁ ሆንግ ኮንግ ላለ የንግድ ቤት ይልካል፤ ያኛው መንዝሮ ወደ ወረዳው ገበያ ይልከዋል፤ ከዚያ በእግር የሚዞር መልእክተኛ መንደር ድረስ ይወስደዋል። መልእክተኛውን «ከተማ ዟሪ ፈረስ» ይሉት ነበር። ተቀባይዋ ማንበብ ካልቻለች ያነብላታል፣ መልስም ይጽፍላታል። ሁሉም ነገር የቆመው በመተማመን ላይ ነበር፤ ሐዋላ ማለት ይኸው አይደል? እነዚህ ባለ ገንዘብ ደብዳቤዎች በ2013 በዩኔስኮ የዓለም ማኅደረ ትውስታ መዝገብ ገብተዋል፤ ከጓንግዶንግና ከፉጂያን የተሰበሰቡት ወደ 160 ሺህ ይደርሳሉ።

የሞተውም አይቀርም ነበር። ባሕር ማዶ ያሉት ማኅበራት የሟቹን አጽም ከዓመታት በኋላ ከመቃብር አውጥተው፣ አጥበው፣ በሳጥን አድርገው በሆንግ ኮንግ በኩል ወደ መንደሩ ይልኩ ነበር። መዋጮው ግዴታ ነበር። እኛም አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመሸኘት ስልክ የምንደዋወለው፣ ዕድሩ በአንድ ቀን ያን ሁሉ ገንዘብ የሚሰበስበው በዚሁ ስሜት ነው። ሰው አገር መሥራት ይቻላል፤ እዚያ ተቀብሮ መቅረት ግን ለብዙው ሽንፈት ነበር።

ሽፍታው የዶላር ሽታ ሲያገኘው

በ1911 አብዮት ንጉሣዊው ሥርዓት ወደቀ። ማዕከላዊ መንግሥት ላላ፤ የጦር አበጋዞች አገሪቱን ተከፋፈሏት። ካይፒንግ ደግሞ ሽፍታ ነገሠባት። ሽፍታው ሞኝ አይደለም። የትኛው ቤት ከውጭ ገንዘብ እንደሚመጣለት ያውቃል። ልጅ ይሰርቃል፣ አዛውንት ይጠልፋል፣ ቤዛ ይጠይቃል።

በታኅሣሥ 1922 ሽፍቶች ቺካን በምትባለው ከተማ የሚገኘውን የካይፒንግ መለስተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰብረው ርእሰ መምህሩንና ተማሪዎችን አግተው ሄዱ። በመንገዳቸው ላይ ግን አንድ የመንደር ግንብ ነበር። ጠባቂዎቹ ከግንቡ አናት ላይ ፓውዛ አብርተው አዩአቸው፤ የመንደሮቹ ታጣቂዎች ከበቡ፤ ርእሰ መምህሩንና 17 ተማሪዎችን አስጣሉ። ወሬው በደብዳቤና በጋዜጣ ባሕር ማዶ ደረሰ። ስደተኛው ይህን ሲሰማ ኪሱን ፈታ። ከጥንት ጀምሮ ግንብ ነበር፤ በሚንግ ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን የጓን ጎሳ ያሠራው ዪንግሎንግ ሎው ዛሬም ቆሟል። አሁን ያሉት አብዛኞቹ ግን በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የተሠሩ ናቸው።

ሲሚንቶው በሆንግ ኮንግ በኩል ከውጭ ይገባ ነበር። አገሬው «የቀይ ፀጉራሞች ጭቃ» ይለዋል፤ ቀይ ፀጉራሞች ያላቸው ፈረንጆቹን ነው። ዛሬ ከቆሙት 1,833 ግንቦች 1,474ቱ በሲሚንቶና ብረት የተሠሩ ናቸው፤ 249ኙ በጡብ፣ 100ው በተጠቀጠቀ አፈር፣ 10ሩ በድንጋይ። ብዙዎቹን የሠሩት ውጭ አገርን በዓይናቸው ያላዩ የመንደር ግንበኞች ናቸው፤ ባለቤቱ በላከው ፖስታ ካርድና ንድፍ እየተመሩ። የግሪክ ዓምድ፣ የእስላም ቅስት፣ የቻይና ጽሕፈት አንድ ላይ ሲታይ ግራ ያጋባል። ከላይኛው ፎቅ ማዕዘኖች ወደ ውጭ የወጡት የመተኮሻ ማማዎች «የወንጨፊት ጎጆ» ይባላሉ። ከዓምዱና ከአበባው መሃል የጠመንጃ ቀዳዳ አለ። ውበቱ ለጎረቤት፣ ቀዳዳው ለሽፍታ።

የግሉና የጋራው

ግንቦቹ ሦስት ዓይነት ናቸው፤ አንድ ሀብታም ለቤተሰቡ ያሠራው፣ ለጥበቃ ብቻ የተሠራና መንደርተኛው ተዋጥቶ የሠራው። ማጂያንግሎንግ በሚባሉት መንደሮች ያለው ቲያንሉ ሎው የዚህ የመጨረሻው ዓይነት ነው። በ1925 29 ቤተሰቦች አዋጥተው አሠሩት። ባለ ሰባት ፎቅ ሲሆን ለየቤተሰቡ የሚሆን ክፍል ነበረው። ሽፍታው ካለፈ በኋላም ሥራ አልፈታም። በ1963፣ በ1965ና በ1968 ጎርፍ ሲመጣ መንደርተኛው እዚያ ወጥቶ ነፍሱን አተረፈ። የዪንግሎንግ ሎውም ታሪክ እንዲሁ ነው፤ በ1884ና በ1908 ጎርፍ የመንደሩ ሰው የተረፈው በእርሱ ላይ ነው።

በቺካን ደግሞ ሲቱና ጓን የሚባሉት ሁለት ጎሳዎች ለዘመናት ሲፎካከሩ ኖረዋል። ገበያውን ተካፍለው፣ አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ ነበሩ። ፉክክሩ አንዳንዴ የሚያስቅ ነበር። ሲቱዎች በ1920ዎቹ ከባሕር ማዶ ባሰባሰቡት ገንዘብ አናቱ ላይ ትልቅ ሰዓት ያለው ቤተ መጻሕፍት ሠሩ። ጓኖች ዝም አላሉም፤ ጥቂት ዓመት ቆይተው እነሱም ባለ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ሠሩ። ምነው ፉክክር ሁሉ እንዲህ በሆነ!

ከሁሉ የገረመኝ የቼን ዪሺ ነገር ነው፤ በአሜሪካ ቺን ጊ ሂ በሚል ስም ይታወቃል። የታይሻን ልጅ ነው። በሲያትል የሠራተኛ ኮንትራክተርና ነጋዴ ሆኖ ከበረ። አርጅቶ ተመለሰና «ለፈረንጅ ሐዲድ ዘርግተናል፣ ለራሳችንስ?» በሚል መንፈስ የሺንኒንግን ባቡር ጀመረ። የውጭ ካፒታል አልፈልግም፣ የውጭ መሐንዲስም አልፈልግም ብሎ አክሲዮኑን ለስደተኛው ሸጠ። ከ1906 እስከ 1920 በሦስት ምዕራፍ ወደ 137 ኪሎ ሜትር ተዘረጋ። ጣጣው ብዙ ነበር። ጎሳዎቹ «በአያቶቻችን መቃብር ላይ አያልፍም» እያሉ ስላስቸገሩ ሐዲዱ እዚህም እዚያም ተጠማዝዟል። ዕዳ ተከመረ፤ በመጨረሻ መንግሥት ከእጁ ወሰደው። በጃፓን ወረራ ጊዜ ደግሞ ለጠላት እንዳይጠቅም ሐዲዱ ተነቀለ። ያም ሆኖ ለሠላሳ ዓመት ያህል ገበሬና ሩዝ፣ ሙሽራና ደብዳቤ አመላልሷል።

በ1909 የተመሠረተው የሺንኒንግ መጽሔትም አለ። ስለ መንደሮቹ ወሬ ለስደተኛው እንዲደርስ ታስቦ የተጀመረ ነው። የትኛው ድልድይ ፈረሰ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ማን ምን ያህል አዋጣ። በመሃል ተቋርጦ ቢያውቅም ዛሬም ይታተማል። ይህን ጽሑፍ በዚህ ገጽ የምታነቡ ሰዎች የእነዚያ አንባቢዎች የሩቅ ዘመዶች ናችሁ ብል አትቆጡኝም።

ሐዋላው ሲቋረጥ

በታኅሣሥ 1941 ሆንግ ኮንግ በጃፓኖች እጅ ወደቀች። የሐዋላው በር ተዘጋ። ሰው የዘነጋው አንድ ነገር ነበር፤ አካባቢው ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ ሩዝ መግዛት ከለመደ ቆይቷል። ድርቅ ተጨመረበትና በ1943 አራቱ ወረዳዎች በከባድ ረሃብ ተመቱ። ባለ ግንብ ሚስት ወርቋን፣ ከዚያ የቤት ዕቃዋን፣ ከዚያ በሩን ነቅላ ሸጠች። ባሏ ዶላር በእጁ ይዞ መላኪያ አጣ። ሦስት ፎቅ ያለው ቤት ውስጥ በረሃብ መሞት ይቻላል። ይህ የሆነ ነገር ነው።

በሐምሌ 1945፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ሰባት የሲቱ ጎሳ ታጣቂዎች በቺካን አጠገብ ባለው ናን ሎው ግንብ ሆነው ጃፓኖችን ለቀናት ገትረው ያዙ። በመድፍ ያልወደቀውን ግንብ በጋዝ አፍነው ያዟቸው፤ ከዚያም ገደሏቸው። የመድፉ ፍንጣሪ ዛሬም በግንቡ ላይ ይታያል።

አሜሪካ የክልከላ ሕጉን በ1943 ሻረች፤ ኮታው ግን በዓመት 105 ሰው ብቻ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የወታደር ሚስቶች እንዲገቡ ሲፈቀድ ብዙ ሴቶች ወጡ። ሌሎቹ በ1949 ድንበሩ ከመዘጋቱ በፊት በሆንግ ኮንግ በኩል አመለጡ። ግንቦቹ ባዶ መሆን የጀመሩት ያን ጊዜ ነው።

የቀሩት መከራ አዩ። በመሬት ይዞታ ለውጡ ጊዜ ከውጭ ገንዘብ የሚመጣለት ብዙ ቤተሰብ «ባለ ርስት» ተብሎ ተፈረጀ። የባለ ርስትነቱ ምንጭ ቺካጎ ውስጥ የታጠበ ሸሚዝ መሆኑን የሚሰማ አልነበረም። አሜሪካም በኮሪያ ጦርነት ሳቢያ በ1950 መጨረሻ ወደ ቻይና ገንዘብ መላክ ከለከለች። ባል ከላከ ወንጀለኛ፣ ካልላከ ቤተሰቡ ተሰቃይ። የጎሳው የጋራ መሬት ተወረሰ፤ አዳራሾቹ ጎተራና መማሪያ ክፍል ሆኑ። በባህል አብዮቱ ጊዜ ብዙ የትውልድ መዝገብ ተቃጠለ፤ አንዳንዱን ብቻ ሰው በጣሪያና በግድግዳ ውስጥ ደብቆ አተረፈው። የፋንጎች መንደር «ዚሊ» የተባለችው በዚያው በአዲሱ ሥርዓት ዘመን ነው። ትርጉሙ «በራስ መተማመን» ማለት ነው። በስደተኛ ዶላር የቆመች መንደር ይህን ስም መያዟ ታሪክ አንዳንዴ እንደሚቀልድ ያሳያል።

ቁልፉ የማን ነው?

በ2007 ዩኔስኮ የካይፒንግን ግንቦችና መንደሮች በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የዚሊ፣ የማጂያንግሎንግ፣ የጂንጂያንግሊና የሳንመንሊ መንደሮች ተመረጡ። ግን ግንቦቹ የግል ንብረት ናቸው፤ ባለቤቶቹ ደግሞ በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በአውስትራሊያ ተበትነዋል። የአካባቢው መንግሥት ወራሾችን እያፈላለገ የአደራ ውል ተዋዋለ፤ ባለቤትነቱ የእናንተ፣ ጥገናና አስተዳደሩ የእኛ በሚል። የዛሬው ጎብኚ ቲኬት ቆርጦ የሚገባው በዚህ ውል ነው። በዚሊ በ2010 የወጣ አንድ የታወቀ የቻይና ፊልምም ተቀርጿል፤ ከዚያ ወዲህ ጎብኚው በዛ።

ጥሩ ነው፤ ግንቡ አልፈረሰም። ሆኖም በቺካን የሆነውን ስናይ ደስታው ሙሉ አይሆንም። አሮጌዋን ከተማ ወደ ቱሪስት መዳረሻነት ለመለወጥ ሲባል ነዋሪዎቹ ከቤታቸው እንዲወጡ ተደርጎ ከተማዋ ታድሳ እንደገና ተከፈተች። ቤቱ ተረፈ፣ ጎረቤቱ ሄደ።

አሁን ወደ ሴት ልጆቹና ወደ መዝገቡ ልመለስ፤ ያዙልኝ ብዬ ነበር። ከ1991 ጀምሮ በሳን ፍራንሲስኮ የሚኖሩ ቻይናውያን ወጣቶችን ወደ አያቶቻቸው መንደር የሚወስድ መርሐ ግብር አለ። ከመሥራቾቹ አንዱ የታሪክ ሊቁ ሂም ማርክ ላይ ነበር። ወጣቶቹ ቋንቋውን በቅጡ አይችሉም። መንደሩን የሚያገኙት እንዴት ይመስላችኋል? አንደኛው መንገድ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ያለው የኢሚግሬሽን ቃለ መጠይቅ ነው። ያ አያትን ለመመለስ የተጠየቀው ጥያቄ፣ «ቤታችሁ በስንተኛው ረድፍ ነው?» የሚለው፣ ዛሬ ለልጅ ልጁ ካርታ ሆነ። በሄዱበት ደግሞ ወንዱም ሴቷም ስለ አያቷ ትጠይቃለች፤ የድሮው መዝገብ ያልጻፋትን ሴት ስም ከአሮጊቶች አፍ ሰምታ ትጽፋለች።

እንግዲህ «ግንቡን ለማን ሠሩት?» ለሚለው ጥያቄ እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። ፋንግ ሩንዌንን ሞኝ ማለት አልችልም። በዘመኑ ሽፍታ ነበር፣ ቤተሰቡም እዚያ ነበር፤ ቤትም የክብር ማስረጃው ነበር። ግን ልጆቹ የሚኖሩበትን አገር እርሱ አልመረጠም፤ የመረጡት ሕግ፣ ጦርነትና አብዮት ናቸው። ከመቶ ዓመት በኋላ ሰው እየተጠቀመባቸው ያሉትን ስቆጥር ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ መጽሔቱና 29 ቤተሰብ በአንድ የወጣበት ግንብ ይበዛሉ።

አገር ቤት ቤት አትሥሩ እያልኩ አይደለም፤ እኔም ያው ናፍቆቱ አለብኝ። ግን ከመሥራታችን በፊት ሁለት ነገር ብናደርግ ደስ ይለኛል። አንደኛ፣ ልጆቻችንን አስቀምጠን «ይህን ቤት ትፈልጉታላችሁ?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሳቸው ቢያስደነግጠንም። ሁለተኛ፣ ከሲሚንቶው በፊት ወረቀት እንግዛ። የአያቶቻችንን ስም፣ የመንደሩን ምንጭና ዛፍ፣ ጎረቤት ማን እንደነበር እንጻፍላቸው፤ የሴት አያቶቻችንን ስም ሳንዘል። አንድ ቀን አንዷ ልጅ መንደሩን ልትፈልግ ብትነሣ፣ የኢሚግሬሽን ፋይል ውስጥ ገብታ ከምትፈልግ የእኛን ጽሕፈት ብታገኝ ይሻላል።